ናፍጣው ፎርክሊፍትና ቡናው

ዛሬ ቃሊቲ አካባቢ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ስዞር ዋልሁ። ባለቤቱ 3 ቶን የሚያነሳ፣ በናፍጣ የሚሠራ ፎርክሊፍት (ጭነት በሹካ የሚያነሳ ማሽን) ገዝተው ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል። ማሽኑ ምንም አይወጣለትም፤ ቦታው ግን የእርሱ አይደለም። ቡና በዙሪያው ያለውን ሽታ ይስባል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የናፍጣ ጭስ ለሠራተኛውም ሳንባ አይበጅም። «ይኼ ግቢ ውስጥ ከመኪና ያውርድ፤ ወደ ውስጥ በባትሪ የሚሠራው ይግባ» አልኋቸው። የባትሪው ክብደት እንኳ ሥራ አለው፤ ከፊት የተነሳውን ጭነት ከኋላ ሆኖ ያመዛዝናል።

መተላለፊያውም ሌላ ጣጣ ነው። በመደርደሪያዎቹ መካከል ያለው ክፍተት 3 ሜትር ቢሆን ነው፤ እንዲህ ያለው ፎርክሊፍት ደግሞ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበትን ርብራብ) ተሸክሞ ለመዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ለጠባብ ቦታ የተሠራው ሪች ትራክ የሚባለው ማሽን ነው፤ ሹካውን ወደፊት ዘርግቶ ጭነቱን 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያስቀምጣል። ወለሉ ግን ደልዳላ ካልሆነ አይሞከርም።

ያናደደኝ ሌላ ነው። የማሽኑ የአቅም ሰሌዳ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል! እዚያ የተጻፈው 3 ቶን እኮ የሚሠራው የጭነቱ የክብደት ማዕከል ሹካው ከማሽኑ ጋር ከሚያያዝበት ቋሚ ገጽ 500 ሚሊ ሜትር ሲርቅ ነው። ጭነቱ ከረዘመ ወይም ከፍ ካለ አቅሙ ይቀንሳል። ወጣቱ ሾፌር ይህን የነገረው ሰው የለም።

ለጊዜው በእጅ የሚጎተቱ ሁለት የፓሌት ማንሻዎች እንዲገዙ መከርኋቸው። ዋጋቸውን ሲሰሙ ሳቁ።