ርካሹ ሞተር የትኛው ነው? ከሦስት ሞተሮች በኋላ የደረስኩበት

ባለፈው እሑድ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች የሚወዳደሩበትን የ30 ደቂቃ የፍጻሜ ውድድር ሞተሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠፋብኝ ጨረስኩ። ከአሥራ ሁለት መኪኖች ሰባተኛ ወጣሁ፤ ለእኔ ግን ከዋንጫ አይተናነስም። ባለፈው በጋ አንድም ውድድር በሰላም አልጨረስኩምና። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። የምወዳደረው ናይትሮ በሚባል የሜታኖል፣ የናይትሮሜቴንና የዘይት ድብልቅ ነዳጅ በሚሠራ፣ ከትልቁ መኪና አንድ ስምንተኛ በሚሆን የአፈር ሜዳ ቡጊ ነው፤ በዚህ ምድብ ሞተሩ ከ3.5 ሲሲ መብለጥ የለበትም። «በርካሽ የትኛውን ሞተር እንግዛ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ጓደኞቼ የደረሰብኝን ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያው ሞተር ከመኪናው ጋር የመጣ ነበር። ጩኸቱ ደስ እያለኝ የነዳጁን መጠን የሚወስነውን የካርቡሬተር መርፌ አብዝቼ አጠበቅሁት፤ መርፌው ሲጠብቅ ነዳጁ ያንሳል፣ ዘይቱም የሚገባው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ በሦስተኛው ሳምንት ፒስተኑ ተበላ። ሁለተኛው ስም ያለው ያገለገለ የውድድር ሞተር ነው፤ በ150 ዶላር ገዛሁት። ስፈታው ኩሽኔታዎቹ ዝገዋል፣ ቢዬላው (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይንቀጠቀጣል። ሜታኖል እርጥበት ስለሚስብ ከውድድር በኋላ ዘይት ያልተደረገበት ሞተር ከውስጥ ይዝጋል። የመለዋወጫውን ሂሳብ ስደምረው ከአዲስ መካከለኛ ሞተር በለጠ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በእጃችሁ አዙሩት። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጠበቅ ብሎ መያዝ አለበት። እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ አልቋል። ጠበቅ ማለቱም ብቻውን አያስተማምንም፤ ያለቀ ሲሊንደር ከላይ በኩል በመሣሪያ ተጨምቆ ጠባብ መምሰል ይችላል። የኋላውን ሽፋን አስከፍታችሁ ኩሽኔታውን እዩ። ሻጩ አልከፍትም ካለ ተዉት።

ሦስተኛውን በ260 ዶላር አዲስ ገዛሁ። ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ የሚያልፍባቸው መተላለፊያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የጉልበት ወዳጆች አምስትና ሰባት ያለውን ይመርጣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የነዳጅ ጋኑ 125 ሲሲ ነው። ያ ያገለገለው ባለ ሰባት መተላለፊያ ሞተሬ በአንድ ሙሌት ስድስት ደቂቃ ተኩል ይሄድ ነበር፤ የአሁኑ ስምንት ደቂቃ ተኩል ይሄዳል። በ30 ደቂቃ ውድድር ያኛው አራት ጊዜ፣ ይሄኛው ሦስት ጊዜ ለነዳጅ ይቆማል። በቀጥታው መንገድ ላይ ያገኘሁትን ፍጥነት ነዳጅ ስቀዳ ካስረከብኩት ምን ጠቀመኝ?

ስለ ማለማመድም አቋም አለኝ። አዲስ ሞተርን ነዳጅ አብዝቶ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ በሚኒሞ (ጉልበት ሳይሰጡት) ለብዙ ሰዓት ማስጮህ ሞተር መግደል ነው። የእነዚህ ሞተሮች ሲሊንደር ከነሐስ የተሠራና ከላይ ጠበብ ያለ ነው፤ ሲሞቅ ከፒስተኑ ይበልጥ ይሰፋል፣ ልኩም የሚገጥመው ያኔ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲሠራ ፒስተኑ ይፋቃል፣ ቢዬላውም ይጎተታል። እኔ ጭንቅላቱን በፀጉር ማድረቂያ እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቄ አስነሣለሁ። ሳጠፋውም ከመቀዝቀዙ በፊት ፒስተኑን ወደ ታች አወርደዋለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጌ አዲሱ ሞተር አራት ወር አሠቃየኝ። ጉልበት ሰጥቼ ስለቅቀው ሚኒሞው ቶሎ አይወርድም፤ እየጮኸ ይቆይና ቀስ እያለ ይመለሳል። አንድ ዙር መልካም ይሄዳል፣ በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ይጠፋል። የጭንቅላቱ ሙቀት 110 አካባቢ መሆን ሲገባው 135 ደረሰ። እኔም ጥፋቱን ሁሉ በከፍታው ላይ ጣልኩ። ኦሮራ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ 15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁም መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ መርፌ ማጥበቅ። ሲሞቅ ደግሞ ማላላት። እንደገና ማጥበቅ። ስምንት ካንዴላ አቃጠልኩ፤ ካንዴላው የፕላቲኒየም ሽቦው ግሎ እየቆየ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ነው፣ አንዱንም እስከ ስምንት ዶላር ገዝቼዋለሁ።

ያዳነኝ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ዓመት በመካኒክነት የሠራ አንድ ጋሼ ነው። አሻንጉሊት ነው ብሎ ሊስቅብኝ ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጎንበስ ብሎ ለሁለት ደቂቃ አዳመጠና «ልጄ፣ መርፌውን ተወው። ይሄ ሞተር አየር እየሰረቀ ነው» አለኝ።

ማታውኑ ጋራዥ ገባን። ፒስተኑን ወደ ታች አወረድን፤ የጭስ መውጫውንና የካርቡሬተሩን አፍ በጎማ ደፈንን፤ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውኃ ቀባን፤ ከዚያ በነዳጅ ቱቦው በኩል በሲሪንጅ አየር ገፋን። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኝበት አንገት ዙሪያውን አረፋ አፈላ። የፊት ኩሽኔታው ላይም ጥቂት አረፋ ነበር፤ እሱ እንኳ በጤነኛ ሞተርም ይታያል። በአንገቱ በኩል የሚገባው አየር ነዳጅ ስለሌለው ቅልቅሉን ያሳሳዋል፤ መርፌ ቢዞር የማይድነውም ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የፋብሪካው አልነበረም፣ የእኔ ነበር። ካርቡሬተሩን ከማዘዣ ዘንጉ ጋር ላስተካክል ሳዞረው ወደ ታች ሳልጫን ብሎኑን አጥብቄ የጎማ ቀለበቱን ቆርጬዋለሁ። አዲሱ ቀለበት ሁለት ዶላር አልሞላም። ሙቀት የሚችል ሲሊኮን በስሱ ቀባን፣ ካርቡሬተሩን በአንድ እጅ ተጭነን ብሎኑን አጠበቅን፣ መርፌዎቹን ወደ ፋብሪካው መነሻ መለስን። በመጨረሻ ለከፍታው ያስፈለገኝ የላይኛውን (የከፍተኛ ፍጥነቱን) መርፌ ሩብ ዙር ማጥበቅ ብቻ ነበር። አራት ወር ያስለቀሰኝ ከፍታ ይህ ብቻ ነበር! (አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ሞተር እንድልክለት ይጠይቀኛል። እዚያ ከፍታው ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ከዚህም ይበልጥ ማጥበቅ ይፈልጋል፤ ነዳጁን ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው።)

አሁን «ርካሽ የትኛው ነው?» ለሚለው። የሳጥኑን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ማርሚታው አብሮ መኖሩን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይሸጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ቢዬላው፣ የኋላ ኩሽኔታውና የካርቡሬተሩ ጎማዎች አካባቢያችሁ ባለ መደብር መኖራቸውን አረጋግጡ። እኔ የጃፓኑን ኦ ኤስ የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ኩባንያው ከ1936 ጀምሮ ትንንሽ ሞተር ይሠራል፣ መለዋወጫውም እዚህ በቀላሉ ይገኛል። የሴራሚክ ኩሽኔታ ያለውን ውድ ሞዴል ለጀማሪ አልመክርም። በዚያ ገንዘብ ነዳጅ ግዙና ተለማመዱ፤ አንድ ጋሎን 30 ሙሌት ይሆናል።

የታችኛውን (የዝቅተኛ ፍጥነቱን) መርፌ በጆሮ ማስተካከል እስካሁን አልሆነልኝም። በሚኒሞ እያለ የነዳጅ ቱቦውን ቆንጥጬ እቆጥራለሁ፦ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ በሦስት ሰከንድ ገደማ ከጠፋ ልክ ነው፣ ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፣ ከዘገየ በዝቶበታል። ጋሼ ሳይቆነጥጥ ያውቀዋል። በሚመጣው እሑድ ሜዳው ድረስ ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል፤ በዚህ ሞተር ሁለት ጋሎን ነዳጅ ስለጨረስኩ ከዚያ በፊት ቢዬላውን እቀይራለሁ።