ቴርሞስታቱ 27 ሲል ወለሉ 46 ነበር

ሐረግ እኔ ዘንድ ከመጣች 14 ወር ሞላት። ሐረግ ያልኳት በጀርባዋ ላይ የሚጠላለፈው ጥቁር ቡናማና ወርቃማ ንድፍ የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለውን ሐረግ ስለሚያስታውሰኝ ነው። ቦል ፓይተን ናት፤ ዘሯ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ሞቃት ሣር ምድር የሆነ፣ ስትፈራ ራሷን መሐል ደብቃ እንደ ኳስ የምትጠቀለል ትንሽ ዘንዶ። እኔ ደግሞ የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ነው። ጥር ላይ ውጭው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲገባ፣ እሷ የምትተኛበትን ወለል 32 ዲግሪ ላይ ማቆየት የእኔ ኃላፊነት ነው። ባለፈው ስለ አመጋገቧ ጽፌላችሁ ነበር። ዛሬ ስለ ማሞቂያ ልጻፍ፤ ከሁሉም የባሰውን ስሕተት የሠራሁት እዚያ ላይ ነውና።

እባብ እንደ እኛ ከውስጧ ሙቀት አታመነጭም። ሲበርዳት ወደ ሞቃቱ ጎን፣ ሲሞቃት ወደ ቀዝቃዛው ጎን ትሄዳለች፤ ስለዚህ የምትኖርበት ሳጥን ሁለቱም ጎን ሊኖረው ይገባል። ለቦል ፓይተን በሞቃቱ ጎን የወለሉ ሙቀት ከ31 እስከ 33፣ በቀዝቃዛው ጎን ከ24 እስከ 27 ቢሆን ጥሩ ነው። ሌሊትም ከ24 ባይወርድ ይመረጣል። አይጥ ከዋጠች በኋላ ከበረዳት ምግቡ ሆዷ ውስጥ አይፈጭም፤ መልሳ ልትተፋው ትችላለች። እዚህ አገር መሣሪያው ሁሉ በፋራናይት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ እምታታ ነበር። አሁን ከሳጥኑ ጎን ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ 90 ማለት 32፣ 77 ማለት 25።

የጀመርኩት ከመስታወት ሳጥኑ ሥር በሚለጠፍ የማሞቂያ ምንጣፍ ነው። በኤሌክትሪክ የሚግለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ አልገዛሁም፤ እባቧ በቀጥታ ትጠመጠምበታለች፣ አንዱ ቦታው ከሌላው ይልቅ ሊግል ይችላል፤ ማንም እንዲገዛው አልመክርም። ምንጣፉን ከቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን ከሚቆጣጠር መሣሪያ ጋር አገናኘሁት። የቴርሞስታቱ መለኪያ ሽቦ ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለችው፤ ሙቀቱን የምታነበው እሷ ናት። እኔም ያቺን ጫፍ ሳጥኑ ውስጥ ከጉዝጓዙ ሥር ቀበርኳት። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ችግር አልነበረም፤ ቁጥሩ 32 ላይ ቆሞ ሳየው ልቤ ያርፍ ነበር።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ከፈረቃ ስመለስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። የውሃ ሳህኗ ተገልብጧል። ጉዝጓዙ ወደ አንድ ጥግ ተገፍቶ ተቆልሏል፤ ሞቃቱ ጎን ላይ መስታወቱ ራቁቱን ቀርቷል። መለኪያ ሽቦው ተመዞ በቀዝቃዛው ጎን እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ተጋድሟል። ቴርሞስታቱ 27 ይላል፤ ወደ 32 ላድርሰው እያለ ምንጣፉን ያለማቋረጥ ያሞቃል። እጄን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ ወዲያው መለስኩት። በሌዘር የሚያነጣጥረውን መለኪያ አውጥቼ ስለካው 46። ሐረግ ደግሞ እዚያው፣ ሞቃቱ መሸሸጊያዋ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ሳነሳት አልተቃወመችም፤ አንጓዬ ላይ ተጠመጠመች። ገልበጥ አድርጌ ሆዷን አየሁ። ወተት የመሰሉት ሰፋፊ የሆድ ቅርፊቶቿ አምስቱ የሻይ ቀለም ይዘዋል፤ ጠርዛቸው በትንሹ አብጧል። እስኪነጋ አልተኛሁም።

የከንፈሯ ጠርዝ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች በጨለማ የአይጥን የሰውነት ሙቀት ይለያሉ። ሙቀትን እንዲህ አጥርታ የምታውቅ ፍጥረት ከሚያቃጥላት ነገር ትሸሻለች ብዬ አምን ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ የነገረችኝ ሌላ ነው፦ እባቦች ከሆዳቸው ሥር ቀስ እያለ የሚጨምር ግለት ላይ እንደተኙ ተቃጥለው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ «ከሞቃት ራሷ ትነሳለች» የሚለውን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም። የታዘዘላት ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የሚባል ቅባት ነበር። ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥቼ ቁስሉ እንዳይቆሽሽ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት አነጠፍኩላት፤ በየቀኑ ቀየርኩት። በእኛ ዘንድ ለቃጠሎ የጥርስ ሳሙና የሚቀባ ሰው አለ፤ እባካችሁ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አታስነኳቸው። ሁለት ጊዜ ቆዳዋን ከቀየረች በኋላ የቅርፊቶቿ ቀለም ተመለሰ፤ አንዱ ላይ ብቻ ጠባሳ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ የለወጥኩትን በዝርዝር ልናገር። መለኪያ ጫፉን ከሳጥኑ ውጭ፣ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል አድርጌ ሙቀት በሚችል ፕላስተር አጣበቅሁት፤ እሷም ውሃም አይደርሱበትም። ታዲያ ውጭ የሚነበበው ቁጥርና ውስጥ እሷ የምትተኛበት ቁጥር አንድ አይደለም። ለሁለት ቀን ያህል በየጥቂት ሰዓቱ ጉዝጓዙን ገለጥ እያደረግሁ ራቁቱን መስታወት እየለካሁ፣ ውስጡ 32 እስኪሆን ቴርሞስታቱን ቀስ በቀስ አስተካከልኩት። የምለካው መስታወቱን ነው፤ ጉዝጓዙን አይደለም፣ እሷ መቆፈሯ አይቀርምና። ከዚህም ሌላ ከቴርሞስታቱ ጋር የማይገናኝ፣ 35 ሲያልፍ የሚጮህ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጫለሁ። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተለጥፎ እንዳይቀመጥ ከአራቱ ጥግ ሥር የላስቲክ እግር አደረግሁለት፤ ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ ምንጣፉ ራሱ ከመጠን በላይ ይግላል። ሌዘሩን ስትገዙ የዕቃ ገጽ የሚለካውን ግዙ። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ያነጣጥሩት የነበረው የሚያነበው በሰው የሰውነት ሙቀት ክልል ብቻ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ክረምቱ ሲጠና ምንጣፉ ብቻውን አልበቃም፤ ወለሉን እንጂ አየሩን አያሞቅምና። ኅዳር ላይ እንደ አምፖል መያዣ ላይ የሚገጠም 100 ዋት የሴራሚክ ማሞቂያ ከላይ ጨመርኩ። ብርሃን ስለማይሰጥ ሌሊቷን አይረብሽባትም፤ ነገር ግን እየሠራ መሆኑን በዓይን ማወቅ አይቻልም፣ የነካውንም ያቃጥላል። መያዣው የግድ ሸክላ መሆን አለበት፤ የፕላስቲኩ ይቀልጣል። ይህም የራሱ ቴርሞስታት አለው። ከሳጥኑ በላይ ስለተሰቀለ የሽቦ ክዳኑ ይለያቸዋል፤ ሳጥኑ ውስጥ የምትሰቅሉ ከሆነ ግን የሽቦ ቆብ አልብሱት፤ ቦል ፓይተን ሰነፍ ብትመስልም ሌሊት ትወጣለች፣ ትጠመጠማለች። የሴራሚኩ ጉዳት አየሩን ማድረቁ ነው። እርጥበቱ ወደ 40 በመቶ ሲወርድብኝ ማሞቂያው ከተቀመጠበት ርቄ የሽቦ ክዳኑን ግማሽ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈንኩት፤ ወደ 60 ተመለሰ።

ስለ ገመድ አጭር ነገር ልበል፦ ማሞቂያውን ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ ቀጥላችሁ አታብሩት። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፤ በገመዱ የሚወርድ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። እዚያው ክፍል የጭስ ማስጠንቀቂያም ይኑር።

ታኅሣሥ ላይ በበረዶ ማዕበል መብራት ለአምስት ሰዓት ጠፋ። እማዬ ከላከችልኝ ጋቢ አንዱን ሳጥኑ ላይ ደረብኩ፤ ሁለት ጠርሙስ ለብ ባለ ውሃ ሞልቼ በፎጣ ጠቅልዬ ውስጥ አስገባሁ። ጋቢውን ከመደረቤ በፊት ግን ሁሉንም ማሞቂያ ከሶኬት ነቀልኩ። መብራቱ እኔ ተኝቼ ሳለ ቢመለስስ? ከጋለ ሴራሚክ ላይ ጋቢ ማለት ቤቱን ማቃጠል ነው። ሞቃቱ ጎን እስከ 25 ድረስ ወርዶ ተመለሰ። በዚያ ሳምንት ልመግባት የነበረውን አይጥ በሦስት ቀን አዘገየሁት።

እማዬ በስልክ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያለች ስሟን እንኳ መስማት አትፈልግም ነበር። ከቃጠሎው በኋላ ግን ስትደውል «የዚያች ነገር ሆዷ ዳነ?» ብላ ትጠይቃለች።

የዛሬ ጠዋት መዝገቤ፦ ሞቃቱ ወለል 32፣ ቀዝቃዛው ጎን 25፣ እርጥበት 58 በመቶ፣ ክብደት 1,240 ግራም። የሚቀጥለው ሥራ 120 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የፒቪሲ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ሳጥን ነው፤ ከመስታወት የተሻለ ሙቀት ይይዛል። እሷን ሳላስገባ ለአንድ ሳምንት ባዶውን አሙቄ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እለካዋለሁ። ሴራሚኩን በዚያ ሳጥን ውስጥ ከጣሪያው የሰቀላችሁ ካላችሁ፣ የሽቦ ቆቡን ከማሞቂያው ስንት ሴንቲሜትር እንዳራቃችሁት ጻፉልኝ።