በፒካፕ ውስጥ ያሉ ብረቶችና ድምፃቸው፦ እስካሁን የደረስኩበት

የኤሌክትሪክ ጊታር ፒካፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) መጠምጠምና መፈታታት ከጀመርኩ ወዲህ፣ በዚሁ ሥራ ከተጠመዱ ጓደኞቼ ጋር ስንነጋገር ወሬው ዘወትር የሚያዘነብለው ወደ ማግኔቱ ነው። ከብረት፣ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ከሚቀየጡት ማግኔቶች አልኒኮ 2 ይለሰልሳል፣ አልኒኮ 5 ይደምቃል፣ ሴራሚክ ይሻክራል ይባላል። ማግኔቱ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን እስካሁን በመለኪያም በጆሮም ካረጋገጥኩት በመነሣት፣ ድምፁን ይበልጥ የሚወስኑት ብዙም የማይወራላቸው ብረቶች ናቸው እላለሁ፤ እነሱም በሽቦው ጥቅል መካከል የሚያልፉት ምሰሶዎች፣ ከላይ የሚደፋው ሽፋንና ከሥር ያለው ዝርግ ብረት ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ከፒካፑ አሠራር መነሣት ይበጃል። ማግኔቱ ከበላዩ ያለውን ክር ማግኔታዊ ያደርገዋል፤ ክሩ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ መስክ ይለዋወጣል፤ ለውጡም ቮልቴጅ ይፈጥራል። ጥቅሉ ግን ይህን ቮልቴጅ እንዳለ አያሳልፍም። የራሱ ኢንዳክታንስ (የጅረትን ለውጥ የመቃወም ባሕርዩ፣ በሄንሪ የሚለካ) ከኬብሉ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማከማቸት ባሕርዩ፣ በፋራድ የሚለካ) ጋር ተጣምሮ አንድን የድግግሞሽ ክልል ያጎላል፤ ከዚያ በላይ ያለውንም በፍጥነት ይቀንሳል። ለምሳሌ 2.4 ሄንሪ የሆነ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ) 500 ፒኮፋራድ ካለው ኬብል ጋር ሲገናኝ ይህ ጉልላት 4,600 ኸርዝ አካባቢ ይውላል፤ በዚያው ኬብል 4.5 ሄንሪ የሆነ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) ቢገናኝ ደግሞ ወደ 3,350 ኸርዝ ይወርዳል። ጆሯችን ጥርት ያለ ወይም የታፈነ የሚለው በአመዛኙ የጉልላቱን ቦታና ቁመት ተከትሎ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ያስተማረኝ ሙከራ በጣም ቀላሉ ነበር። ምሰሶ ያልገባበትን ጥቅል ከኢንዳክታንስ መለኪያ ጋር አገናኝቼ የስቲል ብሎኖችን አንድ በአንድ አስገባሁ። ብሎን በገባ ቁጥር ንባቡ ከፍ ይላል፤ ስድስተኛው ሲገባ ከባዶው ጥቅል በግልጽ ርቋል። ብሎኖቹን አውጥቼ ውፍረታቸው ተመሳሳይ የሆነ የአልኒኮ ዘንጎች ስተካ ግን ጭማሪው ጥቂት ነው፤ አልኒኮ ራሱ ጠንካራ ማግኔት ይሁን እንጂ የሌላውን መስክ ሰብስቦ በማሳለፍ ረገድ ከስቲል እጅግ ያነሰ ነውና። በዚያ ላይ ስቲሉ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ፣ በውስጡ እየተሽከረከረ ኃይል የሚያባክን ጅረት ይፈጠርበታል፤ ይህም ጉልላቱን ያደበዝዘዋል። ፒ-90 የተባለው የሲንግል ኮይል ዓይነት ማግኔቶቹን ከሥር አስተኝቶ የስቲል ብሎኖችን በመካከል ስለሚያሳልፍ፣ ዘንጎቹ ራሳቸው ማግኔት ከሆኑለት ሲንግል ኮይል ይልቅ የወፈረ ድምፅ የሚሰጠው ከጥምጥሙ ብዛት በተጨማሪ በዚህም ምክንያት ነው።

የሽፋኑ ጉዳይ ከዚህም ያስገርማል፤ ምክንያቱም ሽፋኑ ማግኔት የማይስበው ሆኖ ሳለ ድምፅ ይለውጣል። ሽፋን በሌለው ሃምበከር ላይ ቀጭን የናስ ዝርግ ይዤ ቀጭኑን ክር ስመታ የክሩ ጥራት ወዲያው ይደክማል፤ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የኒኬል ሲልቨር ዝርግ ስተካ ግን ለውጡን ለመስማት ጆሮን ማቅናት ያስፈልጋል። ኒኬል ሲልቨር የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን ከናስ በአራት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ስላለው የሚሽከረከረው ጅረት በውስጡ ይዳከማል። ሴት ላቨር ለጊብሰን የሠራው፣ የባለቤትነት መብት ማመልከቻውም እ.ኤ.አ. በ1955 የገባለት ሃምበከር በኒኬል ሲልቨር መሸፈኑ ስለዚህ ለመልክ ብቻ አልነበረም። ርካሽ የናስ ሽፋን ያለው ፒካፕ ላላቸው ምክሬ፣ ማግኔት ከመቀየራቸው በፊት ሽፋኑን አንሥተው እንዲሰሙት ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ በሰም የተነከሩ ስለሆኑ ከኋላ ያለው ብየዳ ከተፈታ በኋላ ሽፋኑ በግድ ቢጎተት ፀጉር መሳዩ ሽቦ ሊበጠስ ይችላል። በጥቂቱ ማሞቅ ይሻላል።

በቴሌካስተር ጊታር የብሪጅ (የክሮቹ መደገፊያ) ፒካፕ ሥር ያለው፣ መዳብ የተቀባው የስቲል ዝርግም ኢንዳክታንሱን ከፍ ያደርጋል።

ወደ ማግኔቱ ስንመለስ፣ አልኒኮ 5 በውስጡ 24 በመቶ ገደማ ኮባልት አለው፤ አልኒኮ 2 ከዚያ ያነሰ ኮባልት ስላለው መስኩም ይለዝባል። ሴራሚክ ከብረት ኦክሳይድ ጋር ባሪየም ወይም ስትሮንሺየም ተቀላቅሎ የሚሠራ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ማግኔት ነው። በአንድ ሃምበከር ላይ ማግኔቶቹን እየቀያየርኩ፣ የፒካፑን ከፍታ በማስተካከል የድምፁን ጉልበት እኩል ሳደርገው፣ አስቀድሞ ሰፊ የመሰለኝ ልዩነት በጣም ጠበበ። ጠንካራ ማግኔት ለክሮቹ በጣም ሲቀርብ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ በተለይ በአንገት በኩል ባለው ፒካፕ ላይ ወፍራሞቹን ክሮች ወደ ራሱ ስለሚጎትት ቅኝታቸው የተዛባና የሚወዛወዝ ይመስላል፤ መፍትሔውም ፒካፑን ዝቅ ማድረግ ነው።

ስለ ጥቅሉ ሽቦ ብዙ የምለው የለኝም፤ የተለመደው 0.063 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው መዳብ ነው፣ እሱን በብር መተካት ለእኔ ገንዘብ ማባከን ነው። ክሩ ግን ሊረሳ አይገባውም፤ ጥምጥሙ ንጹሕ ኒኬል የሆነ ክር፣ ኒኬል ከተቀባ የስቲል ጥምጥም ይልቅ ለስለስ ያለና ጉልበቱ ያነሰ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ፒካፕ ስናነጻጽር የክሩ ዓይነትና የኬብሉ ርዝመት አንድ ካልሆኑ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

በሚቀጥለው የናስ ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር በቀጭኑ ሰንጥቄ፣ የጅረቱ ዑደት ሲቋረጥ ጉልላቱ ምን ያህል እንደሚመለስ እለካለሁ፤ ከዚያም ያንኑ ፒካፕ በ250 እና በ500 ኪሎኦም የቮልዩም መቆጣጠሪያ አገናኝቼ የሁለቱን ንባብ አካፍላችኋለሁ።