ከዛገ አግራፍ የተማርኩት

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብትና ልዩ ስብስቦች ክፍል ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ጥፋት መሆኑን የተረዳሁት ከ6 ዓመት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት እንዲያውም ለጎብኚ ሁሉ የማሳየው፣ የምኮራበት ሥራዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ሟች የታሪክ መምህር የግል ወረቀቶች በ34 ካርቶን ታሽገው መጡልን። ደብዳቤ፣ የመጽሐፍ ረቂቅ፣ የክፍል ማስታወሻ፣ ከጋዜጣ የተቀደደ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ፣ የሐኪም ማዘዣ ሳይቀር አንዱ በአንዱ ላይ ተከምሯል። እኔ ከመደበኛው ቤተ መጻሕፍት የተዛወርኩ ሰው ነበርኩ፤ የማውቀው መጽሐፍ በርእሰ ጉዳይ እየተለየ ሲደረደር ነው። ወረቀቱም እንደዚያው ይሁን ብዬ ደብዳቤውን ከደብዳቤ፣ ረቂቁን ከረቂቅ ጋር ሰበሰብኩ። ቀን ያለውን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አሰለፍኩ። የዛገውን አግራፍ እየነቀልኩ አንድ ጣሳ ሞላሁ። ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ሲያልቅ ግን መደርደሪያው ሲያዩት ዓይን ይስብ ነበር።

ይህን የሚከለክለውን መርሕ አላውቅም ነበር እንዳልል በሥልጠና ላይ ተምሬው ፈተናም አልፌበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1841 የፈረንሳይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰነድ አንድ ላይ እንዲቆይና ከሌላ ምንጭ ጋር እንዳይቀላቀል ያዛል። ይህንንስ ጠብቄያለሁ። የሚገርመው ያ መመሪያ በስብስቡ ውስጥ በርእሰ ጉዳይ መለየትን ይፈቅድ ነበር። ሙለር፣ ፌይት እና ፍሩይን የተባሉ ሦስት ሆላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተሙት መምሪያ ነው የሰነዱ የውስጥ አደራደርም ባለቤቱ እንደተወው ይጠበቅ የሚለው ነገር ሥር የያዘው። እኔ እንግዲህ የሠራሁት እንደ 1841 ሰው ነው፤ ሙያውን 57 ዓመት ወደ ኋላ መልሼዋለሁ።

ከውጭ ለሚያየን ሰው ሥራችን ነጭ ጓንት አጥልቆ ብራና መግለጥ ይመስለዋል። ጓንቱን የምናጠልቀው በአብዛኛው ለፎቶግራፍና ለኔጋቲቭ ነው። ለወረቀት ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል፤ በጓንት ውስጥ ጣት የወረቀቱን ጫፍ በደንብ አይሰማውም፤ የተሰነጠቀውን ጠርዝ ይዞ ይቀደዋል። የቀኑ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው ካርቶን በማንሳት፣ ዝርዝር በመጻፍ፣ ለተመራማሪ ደብዳቤ በመመለስ ነው። ወገብ የሚያስጨንቅ ሥራ መሆኑን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

ቁሳቁሱን ማወቅ ግን ግድ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ከእንጨት መሠራት ሲጀምር ዕድሜው አጠረ፤ በውስጡ የቀረው አሲድ ከውስጥ ይበላዋል። ከጨርቅ የተሠራ የ400 ዓመት ወረቀት ሳይሰበር ሲታጠፍ፣ የአያቶቻችን ዘመን ጋዜጣ በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። አጠገቡ ባለው ደብዳቤ ላይም ቡናማ ጥላውን ያትማል። ስለዚህ የጋዜጣ ቁራጭ ሲገኝ በጥሩ ወረቀት ይገለበጣል ወይም በመካከሉ ከአሲድ ነጻ የሆነ ወረቀት ይገባል። አንዴ የፊልም ካርቶን ስከፍት አቼቶ አቼቶ ሸተተኝ። ይህ የአሴቴት ፊልም ሲበሰብስ የሚሰጠው ጠረን ነው፤ መበስበሱ ራሱን እያፋጠነ ስለሚሄድና የሚወጣው አሲድ ለጎረቤቱም ስለሚተርፍ ወዲያው ለይቶ ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በዚያን ዕለት አፍንጫዬ ከመሣሪያ ሁሉ ቀደመ።

ወደ አግራፉ ልመለስ። የዛገ አግራፍ በጣት አይጎተትም። ጫፉ ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል፤ ከጎተቱት የሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። ከፊትና ከኋላ፣ በሽቦውና በወረቀቱ መካከል፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ይሰገሰጋል። ከዚያ ረጅሙን የሽቦ ክንድ በአንድ ጣት ተጭኖ አጭሩን ወደ ላይ ቀስ አድርጎ መክፈት ነው። አንዱ አግራፍ አንድ ደቂቃ ይወስዳል እንበል፤ በ34 ካርቶን ውስጥ ስንት አግራፍ እንዳለ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርክ ግሪን እና ዴኒስ ማይስነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሙያ ባልደረቦች ያቀረቡት ጽሑፍ ይህንኑ ልማድ ነው የተቸው። መጋዘኑ ሙቀቱና እርጥበቱ ከተስተካከለ አግራፉን ሁሉ መንቀል አያስፈልግም፤ እናንተ አንዱን ካርቶን ስታሳምሩ ሌላው መቶ ካርቶን ሳይከፈት አንባቢን ያስጠብቃል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ያነበብኩት ጣሳው ከሞላ በኋላ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩል፣ ሦስት ወር ሙሉ ተጠንቅቄ ነው ያፈሰስኩት።

ከወረቀቱ ይልቅ ብዙ ያስተማሩኝ ወረቀቱን የሚያመጡት ሰዎች ናቸው። የመምህሩ ልጅ ካርቶኖቹን ያስረከቡን ቀን «እርስዎ ባይወስዱት ኖሮ ሊጣል ነበር፤ እኛ አቧራውን አራግፈን በመጠን በመጠኑ አሰርነው» አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። አሁን ቢሆን ደንግጬ «መጀመሪያ የት የት ነበር?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። ዛሬ ቤተሰብ ሲደውልልኝ የምለው አንድ ነገር ነው፦ እባካችሁ ምንም ነገር ሳትነኩ ጠብቁኝ። ሄጄ እያንዳንዱን መሳቢያ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር ሁሉ ፎቶ አነሣለሁ፤ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ነው የሚታሸገው። የስጦታ ውሉም ካርቶኑ ከቤት ሳይወጣ ይፈረማል። ባለቤትነቱ ለማን እንደሚተላለፍ፣ የቅጂ መብቱ ማን ዘንድ እንደሚቀር፣ የትኛው ደብዳቤ እስከ መቼ እንደሚዘጋ በጽሑፍ ይሰፍራል። አንድ ጊዜ በቃል ብቻ የተቀበልኩትን ስብስብ ወንድማማቾች ሳይስማሙበት ቀርተው፣ ግማሹን ከዘረዘርኩ በኋላ ተጭኖ ተመልሷል።

ዝርዝር ስጽፍ ደግሞ «ልዩ ልዩ» የሚለውን ቃል ለራሴ ከልክያለሁ። «ልዩ ልዩ» የተባለ አቃፊ ከፍቶ ያነበበ ተመራማሪ እስካሁን አላየሁም። ዓለም አቀፉ የመዛግብት አገላለጽ ደረጃ 26 ክፍሎች አሉት፤ የግድ አስፈላጊ የሚባሉት ስድስት ብቻ ናቸው። ስድስቱን በጥንቃቄ እሞላ ነበር። ስብስቡ እንዴት እንደተደረደረና ዝርዝሩን ማን እንዳዘጋጀው የሚመዘገብባቸውን ቦታዎች ግን ባዶ እተዋቸው ነበር። ስለ እኔ ማን ይጠይቃል ብዬ።

ከካርቶኖቹ በአንዱ ውስጥ ፍሎፒ ዲስኮችም ነበሩ። አንዱን በቢሮዬ ኮምፒውተር ከትቼ ፋይሉን ከፈትኩ፤ ስዘጋ «ለውጡ ይቀመጥ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩ። ባለቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፉበት ቀን ጠፍቶ የእኔ ቀን ተተካ። አሁን ዲስክ የሚከፈተው መጻፍ በሚያግድ መሣሪያ በኩል ነው። በመጀመሪያ ሙሉ ቅጂው ይወሰዳል፤ የፋይሉ መለያ ቁጥር ተሰልቶ ይመዘገባል፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ይናገራል። ወረቀት እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም፤ ወይም እንደሌለው አስብ ነበር።

በ6ኛው ዓመት አንዲት የዶክትሬት ተማሪ መጣች። መምህሩ ለአንድ ባልደረባቸው የጻፉትን ደብዳቤ ግልባጭ ይዛ «ከዚህ ጋር ያያያዝኩት ምዕራፍ የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በኋላ አልነካውም ይላሉ። የተያያዘው የትኛው ነው?» አለችኝ። የምዕራፉ ረቂቆች አራት ናቸው፤ አንዱም ቀን የለውም። እኔ ደግሞ በሌላ ሳጥን፣ በሌላ አቃፊ፣ በተርታ አሰልፌያቸዋለሁ። ዝርዝሩን ገለጥኩ፤ ስለ አደራደሩ አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

«ማን ነው የለያያቸው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ምንም አላለችም። ደብዳቤውንና አራቱን ረቂቆች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መብራቱን ከጎን አዘቀዘቅነው። በደብዳቤው ግራ ጥግ ላይ የዝገት ምልክት አለ፤ ሁለት ትይዩ መስመሮች፣ የውስጠኛው ትንሽ የተጣመመ። በአንደኛው ረቂቅ ላይ ምልክት የለም። ሁለተኛው ላይ አለ፤ ግን ቀኝ ጥጉ ላይ ነው። ሦስተኛውን አንሥታ ከደብዳቤው ሥር ስታስገባው የተጣመመው መስመር በተጣመመው ላይ ገጠመ። አራተኛው፣ እስከዚያ ቀን ሁላችንም የመጨረሻው ነው የምንለው ረቂቅ፣ ምንም ምልክት አልነበረበትም።

በዚያው ሳምንት ባዶ የተውኳቸውን ክፍሎች ሞላሁ። ስሜን፣ ስብስቡን መቼና እንዴት እንዳፈረስኩት፣ አግራፎቹን እንደነቀልኩ፣ የትኛው ደብዳቤ ከየትኛው ረቂቅ ጋር በዝገቱ እንደተመለሰ ጻፍኩ። በአቃፊው ውስጥም በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ አኖርኩ። ከዚያ «ከዚህ ጋር አያይዣለሁ» የሚሉ ሌሎች ደብዳቤዎች ፈለግኩ። ዘጠኝ አገኘሁ። አምስቱ ጥንዳቸውን አግኝተዋል። አራቱ ላይ የዝገት ምልክት የለም፤ ምናልባት የተያያዙት በፕላስቲክ አግራፍ ነበር፤ ምናልባትም እንዲያው አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጠው ብቻ ነበር።