የፍልሰታ ጾም በፕሮቫንስ

ከፓሪስ በደቡብ ፈረንሳይ ፕሮቫንስ ውስጥ እስካለችው አቪኞን ፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት አይፈጅም። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም። አቪኞን ላይ ግን በጣም ተናደድኩ። ከጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት አጠገብ ምሳ ልብላ ብዬ ገባሁና ሰላጣ አዘዝኩ። ቲማቲም በሚረክስበት በነሐሴ ወር፣ የቀረበልኝ ውስጡ የነጣ፣ ውሃ ውሃ የሚል ቲማቲም ነው። ሒሳቡ 19 ዩሮ! እስካሁን ይቆጨኛል።

ቅዳሜ ጠዋት የአክስቴ ልጅ አማት አፕት ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። አፕት ሉቤሮን ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ መሀል ከተማው በሙሉ ገበያ ይሆናል። እኔ አስቤዛ ስወጣ የምገዛውን ጽፌ ነው፤ ካልጻፍኩ ይጨንቀኛል። ማዳም (አማትየውን የምጠራቸው እንዲህ ነው) ወረቀት አልያዙም። ዞር ዞር ብለው የደረሰውን ያያሉ፤ የምሳው ነገር የሚወሰነው እዚያው ነው።

ካቫዮን ከምትባለው ከተማ የመጣ ሜሎን የሚሸጠው ሰውዬ ገና ስንጠጋ «መቼ ነው የምትበሉት?» አለን። ለዛሬ ምሳ መሆኑን ሲሰማ አንዱን አንስቶ በእጁ መዘነ፣ አሸተተና መለሰው። ሌላ አነሳ። ከሐረጉ የተቀነጠሰበትን ቦታ አሳየኝ፤ ዙሪያውን ሰንጠቅ ብሏል። በደንብ ሲበስል እንዲህ ይሆናል አለኝ። ተመልሼ የማልመጣ እንግዳ ነኝ፤ ለእኔ ያን ያህል መጠንቀቁ ልቤን ነካው።

ፈረንሳይ ሲባል ቅቤ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ጾሙን እንዴት እዘልቀዋለሁ ብዬ ሰግቼ ነበር። እዚህ ግን የሚበስለው በወይራ ዘይት ነው። ማዳም «ሱፕ ኦ ፒስቱ» የሚባለውን የበጋ ሾርባ ሠሩ። መጀመሪያ እሸት ቦሎቄ ተቀቀለ። ቀጥሎ ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒና ቲማቲም ገባ፤ መጨረሻ ላይ ደቃቅ ፓስታ። እኔ ሙቀጫው ተሰጠኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና እርጥብ በሶብላ ወቀጥኩ፤ እሳቸው የወይራ ዘይቱን በቀስታ ያንጠባጥባሉ። አይብም ይገባበታል፤ ለእኔ ሲሉ ለብቻው በሳህን አቀረቡት።

ውህዱ የሚጨመረው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ከፈላ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ መዓዛውም ይጠፋል። በሶብላን የማውቀው ደርቆ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ሲገባ ነው። እርጥቡ ትኩስ ሾርባ ሲነካው ቤቱን በሙሉ አወደው።

ሁለተኛ ሳህን ጠየቅኩ። ለገና ብመጣ ይሠሩልኝ እንደሆነም ጠየቅኳቸው። ማዳም ፈጽሞ አይሆንም አሉ። ያኔ እርጥብ በሶብላ የለም፤ እሸት ቦሎቄም የለም። የዱባና የባሮ ሽንኩርት ሾርባ ይጠብቅሃል አሉኝ።