ለብቻው የማያምር የጊታር ድምፅ

የባንዳችንን አልበም የሰሙ ጊታር ተጫዋቾች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። የትኛው ፔዳል (በእግር የሚረገጠው ድምፅ መለወጫ) ነው? አምፑስ (ማጉያው) ምንድን ነው? ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ስለ ዕቃ ማውራት እወዳለሁ። ዕቃዎቹንም እዚሁ እነግራችኋለሁ። ያንን ድምፅ ያመጣው ግን ከሁሉም በፊት ቀረጻ ሳንጀምር የተስማማንበት ደንብ ነው። የትኛውንም የጊታር ድምፅ ለብቻው ሰምተን አንመርጥም አልን። ድምፃዊታችን እየዘፈነች፣ ቤዙና ድራሙ እየሄዱ ካልሆነ ማንም ማዞሪያ አይነካም።

ድምፃዊታችን ዝቅ ያለና ለስላሳ ድምፅ አላት። ማይኩን ተጠግታ ነው የምትዘፍነው። ሁለት ጊታሮች ደግሞ በባህርያቸው እሷ ያለችበትን መሃል፣ ማለትም በወፍራምና በቀጭን ድምፅ መካከል ያለውን ክልል፣ ይፈልጋሉ። ለብቻው ሲሰማ ወፍራምና ሞቅ ያለ ሆኖ የሚያስደስት ጊታር፣ ዘፈን ውስጥ ሲገባ ቃላቷን ይውጣቸዋል። ታችኛው ክፍልም እንዲሁ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 82 ሄርዝ (በሰከንድ የሚነዝርበት ብዛት) ገደማ ነው፤ የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር ደግሞ 41። ከጊታሩ ሥር የሚሰማው ጉርምርምታ አብዛኛውን ጊዜ ቤዙ የሚሠራውን ሥራ መሻማት ነው። ስለዚህ ሚክስ ላይ (ቀረጻዎቹን ስናቀላቅል) ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ከሁሉም ጊታሮች ቆረጥን። ቤዙ ወዲያው ፍንትው ብሎ ወጣ። ጊታሮቹን ለብቻቸው ብትሰሟቸው ቀጫጭን ናቸው። ከሁሉም ጋር ስትሰሟቸው ግን ምንም አልጎደላቸውም።

የእኔ ጊታር ጃዝማስተር ነው። ጊታር ሠሪው ኩባንያ ፌንደር በ1958 ሲያወጣው፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ የጃዝ ተጫዋቾችን አስቦ ነበር። እነሱ እምብዛም አልተቀበሉትም። ከዓመታት በኋላ ያገለገለው በርካሽ ሲሸጥ የፓንክና የኢንዲ ሮክ ልጆች እጅ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልለቀቁትም። እኔ የወደድኩት ለፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጡት) ነው። ሰፋ ብለው ጠፍጣፋ ናቸው። ድምፃቸው ከሌላው የፌንደር ጊታር ከስትራቶካስተር ሞላ ያለ፣ ሀምባከር ከሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ደግሞ ጥርት ያለ ነው። የቮሊውምና የቶን ማዞሪያዎቹ 1 ሜጋኦም (1,000 ኪሎኦም) ናቸው፤ ስትራቶካስተርና ቴሌካስተር ላይ በተለምዶ የሚገጠመው 250 ኪሎኦም ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ላይኛው፣ ቀጭኑ ድምፅ ሳይቀነስ ያልፋል። ጃዝማስተር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጆሮ የሚወጋው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የማይነካት አንዲት ትንሽ መቀያየሪያ ጊታሩ አናት በኩል አለች። ወደ ላይ ስትገፏት የአንገቱ ፒክአፕ ብቻ ይቀራል። የራሷ ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪ ማስተካከያዎችም አሏት። ድምፁ ይጠቁራል፣ ይታፈናል። ለብቻው ሲሰማ በእውነት አያምርም። እኛ ግን በአብዛኞቹ ዘፈኖች ከአዝማቹ በፊት ያለውን ክፍል የተጫወትነው በእሷ ነው። ቃላቱ ከላይ ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ ጊታሩ ከሥር ይሄዳል። አዝማቹ ሲገባ መቀያየሪያዋን ወደ ታች! በቃ፣ ጊታሩ በአንዴ ይከፈታል። ፔዳል አልጨመርንም፤ ቮሊውምም ከፍ አላደረግንም። ሰሚው ግን ዘፈኑ ሲሰፋ ይታወቀዋል። ከአልበሙ ውስጥ በጣም የምኮራበት ድምፅ ይሄ ነው።

የክሮቼ ውፍረት 11 የሚባለው ነው። ጃዝማስተር ከቀጫጭን ክር ጋር አይስማማም። ክሮቹ ብሪጁን (የሚያርፉበትን ድልድይ) አጥብቀው ስለማይጫኑት፣ 9 በሚባለው ቀጭን ክር ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ብሪጁ ይንጫጫል፤ ክሩም ከቦታው ሊዘል ይችላል። ወፈር ያለ ክር ሲገባ ችግሩ በብዙ ይቃለላል። የትሬሞሎው ዘንግ (ሲነካ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የማይ ብለዲ ቫለንታይን ባንዱ ጊታር ተጫዋች ኬቨን ሺልድስ ዘንጉን በእጁ እንደያዘ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ይመታል፤ ድምፁ ከቅኝቱ ትንሽ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ይህን ዘዴ በአንድ ዝግ ያለ ዘፈን ላይ ተጠቀምንበት። ቤዙ ፍጹም ሳይነቃነቅ ከቆመ ብቻ ነው የሚያምረው። ሁለቱም ከተወዛወዙ ሰሚው የሚይዘው ነገር ያጣል።

ሁለተኛው ጊታር ቴሌካስተር ነው። የሚጫወተው ጓደኛዬ ከካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን አጥብቆ ከሚይዝ መቆንጠጫ) አይለይም። ዘፈኑ በጂ ከሆነ እኔ የጂ ኮርድን ታች ስይዝ፣ እሱ ካፖውን 5ኛው ፍሬት (የአንገቱ መስመር) ላይ አድርጎ የዲ አያያዝ ይጫወታል። ኮርዱ ያው ጂ ነው፤ ቦታው ግን ከፍ ያለ ነው። ሁለታችንም አንድ ዓይነት አያያዝ ብንይዝ ኖሮ አንዳችን ብንቀር ለውጥ አይኖረውም ነበር።

አምፖቹ ቮክስ ኤሲ 30 እና ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ናቸው። ሁለቱም ባለ ቲዩብ (የቫኩም ቱቦ) ናቸው። ቮክሱ 30 ዋት ነው፤ ፌንደሩ 22። ሰው ዋት ሲቆጥር ልዩነቱ ትልቅ ይመስለዋል። ዋት በእጥፍ ሲጨምር እንኳ የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለጆሮ መጠነኛ ጭማሪ ነው። ሁለቱም ለአንድ ክፍል ከበቂ በላይ ይጮሃሉ። የመረጥናቸው መሃላቸው ስለሚለያይ ነው። ፌንደሩ መሃሉን በተፈጥሮው ጎድጎድ ያደርገዋል፤ መሃሉን የሚያስተካክል ማዞሪያ እንኳ የለውም፤ ባስና ትሬብል (ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ) ብቻ ነው። ቮክሱ ግን ገፋ አድርጎ ይመጣል። ስለዚህ ድምፃዊቷ ስትዘፍን አብሯት የሚሄደው ጊታር ወደ ፌንደሩ ገባ። እሷ ዝም በምትልበት የሚናገረው ደግሞ ወደ ቮክሱ።

አሁን ወደ ዲስቶርሽን፣ ድምፁን ሆን ብሎ ወደ ማሻከር፣ ልምጣ፤ በጣም የተማርኩት እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ፔዳል ነበረን። ራት፣ ቢግ መፍ እና ቲዩብ ስክሪመር። ቢግ መፍ መሃሉን ይጎደጉደዋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊታር ተጫዋቾች «ቤት ውስጥ ያንቀጠቅጣል፣ ባንድ ውስጥ ይጠፋል» ብለው የሚያማርሩበት። እኛ ያንን መጥፋቱን ፈለግነው። ጊታሩ ከኋላ እንዲሞላ እንጂ ከፊት እንዲቆም ባልፈለግንበት ቦታ ሁሉ ቢግ መፍ አደረግን። ድምፃዊቷ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ አለች። ቲዩብ ስክሪመር ተቃራኒው ነው፤ ባሱን ቀንሶ መሃሉን ያወጣዋል። ሶሎ ላይ ብቻ ተጠቀምንበት። ራት በሁለቱ መካከል ሆነ። የራት ፊልተር ማዞሪያ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁን የሚያጠቁር ነው፤ ያንን ከለመዳችሁ በኋላ ሻካራነቱን ሳትቀንሱ ስለቱን ብቻ መቀነስ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ነገር የጌን፣ ማለትም የሻካራነቱ፣ መጠን ነው። አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ተጫውተን አንዱን ግራ ሌላውን ቀኝ ስናደርግ፣ ሻካራነቱ ይደራረባል። መድረክ ላይ ደስ የሚለው የጌን መጠን ሲደራረብ ሳሳ ያለ ጩኸት ብቻ ይሆናል፤ የእጅ ምቱ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀረጻ ከመድረኩ በግማሽ ባነሰ ጌን ተጫወትነው። ለብቻው ሲሰማ ፈሪ ጊታር ይመስላል። ሲደራረብ ግን ግዙፍ ነው፤ ኮርዱም ይለያል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዲስቶርሽን ውስጥ ሁለት ኖታ አብረው ሲገቡ የሚወጡት ሁለቱ ብቻ አይደሉም። የድምራቸውና የልዩነታቸው ፍሪኩዌንሲም (የንዝረት ብዛት) አብሮ ይፈጠራል። ኤ 110 ሄርዝ፣ ኢ 165 ሄርዝ ገደማ ናቸው እንበል። ልዩነታቸው 55 ነው፤ እሱም ራሱ ኤ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ፓወር ኮርድ (እንደ ኤ እና ኢ ያሉ ሁለት ኖታዎች ብቻ ያሉት) በከባድ ዲስቶርሽን የሚያምረው ለዚህ ነው። አሁን ኮርዱን ሙሉ ሜጀር ለማድረግ ሲ ሻርፕን ጨምሩ፤ 139 ገደማ ነው። ከኤ ጋር ሲደመር 249 ይመጣል፤ ይህ ከኮርዱ ኖታዎች አንዱም አይደለም። ልዩነቶቹም እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ጆሮ የሚሰማው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው።

የእኛ ዘፈኖች ደግሞ እንደ ሜጀርና ማይነር ሰባተኛ ባሉ ብዙ ኖታ ባላቸው ኮርዶች የተሞሉ ናቸው። ያለ ሻካራነት መጫወት አልፈለግንም፤ ኮርዶቹንም መጣል አልፈለግንም። መፍትሔው ኮርዱን መከፋፈል ሆነ። እኔ ኤ እና ኢን በራሴ ዲስቶርሽን፣ ጓደኛዬ ሲ ሻርፕን ብቻ በራሱ ዲስቶርሽን። ሁለቱ የሚገናኙት ከአምፖቹ ከወጡ በኋላ ስለሆነ አዲስ ቆሻሻ አይፈጠርም። የእሱን ክፍል ለብቻው ብትሰሙት አንድ ክር እየጎተተ የሚጫወት ሰው ነው። አንድ ላይ ሲሆን ግን ሻካራም፣ ጥርት ያለም ኮርድ ይወጣል። ሰዎች «የትኛው ፔዳል ነው?» የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ማይኩ ሹር ኤስኤም 57 ነው። ከ1965 ጀምሮ ያለ ማይክ ነው፤ የጊታር አምፕ ፊት የማታዩበት ስቱዲዮ ጥቂት ነው። እንዴት እንደምናስቀምጠው ግን ልንገራችሁ። አንዳችን የጆሮ መከላከያ አድርጎ አምፑ ጋ ይቆምና ማይኩን በዝግታ ያንቀሳቅሳል፤ እኔ በሌላ ክፍል ሆኜ በሄድፎን እሰማለሁ። ሄድፎኑ ውስጥ የድምፃዊቷ ጊዜያዊ ቀረጻ አብሮ ይሄዳል። ማይኩ የስፒከሩ መሃል ላይ ሲሆን ድምፁ ስለት አለው። ወደ ጠርዙ ሲሄድ ይጠቁራል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር የምታመጣው ለውጥ ከኢኪው (የድምፅ ማስተካከያ) ማዞሪያ ትበልጣለች። ቃላቷ ጊታሩን ጥሰው የሚወጡበት ቦታ ላይ «ቁም» እላለሁ። ቦታው አልፎ አልፎ ያስገርማል፤ ሌላ ጊዜ ማንም የማይመርጠው ጠርዝ ይሆናል።

ሁለተኛ ማይክ ራቅ አድርጋችሁ ከጨመራችሁ ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ አስታውሱ። ራቅ ያለው ማይክ ዘግይቶ ስለሚሰማ ሁለቱ ሲደመሩ አንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ይጠፋል። የአንዱን ማይክ ፖላሪቲ (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጣችሁ ስሙ፤ ሞላ ያለውን ያዙ። ግራና ቀኝ የምታደርጉትን ደግሞ ኮፒ አታድርጉ፣ እንደገና ተጫወቱት። ኮፒው ያው አንድ ጊታር ነው፣ ጮክ ብሎ። ስፋቱን የሚያመጣው በሁለቱ አጨዋወት መካከል ያለው ጥቃቅን ልዩነት ነው።

ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመው) ላይ ብዙ አልቆይም። ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር አስማሙት። በደቂቃ 120 ምት ላይ አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ነጥብ ያለው ስምንተኛ ኖታ (ሦስት አራተኛ ምት) 375። አጨዋወታችሁ ዲሌዩን ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ከነዲሌዩ ቅረጹት። ካልሆነ ዲሌይ የሌለውን፣ ደረቁን፣ ይዛችሁ ሚክስ ላይ ጨምሩት። ስለ ገመድም እንዲሁ፤ ረጅም ገመድ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፣ አጭር ተጠቀሙ። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) እምም እያለ ካስቸገራችሁ ከኮምፒውተሩ ዞር በሉ፤ የቆማችሁበት አቅጣጫ ብቻ ብዙ ይቀንሰዋል።

መድረክ ላይ እነዚህን ድርብርቦች ለመድገም አንሞክርም። እኔ ጃዝማስተሩን፣ ራቱንና አንድ ዲሌይ እይዛለሁ፤ ጓደኛዬ ቴሌውንና ቢግ መፉን። ድርብርብ ስለሌለ ጌኑን መልሰን ከፍ እናደርገዋለን። የተከፋፈሉት ኮርዶች ግን እንዳሉ ናቸው። እንዲያውም አሁን አዲስ ዘፈን ስንሠራ ገና ልምምድ ላይ «ሦስተኛዋን (እንደ ሲ ሻርፕ ያለችውን የኮርዱን መሃል ኖታ) ማን ይያዛት?» ብለን ነው የምንጀምረው።