ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን በክርና በሉል

ትናንት ማታ ኤክሴሉ 11,563 ኪሎ ሜትር ሲለኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ያለውን ርቀት በራሴ ለማስላት ሦስት ሳምንት ለፍቻለሁ። እህቴ እዚያ ናት። እማዬ ልትሄድ ባለች ቁጥር "ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው?" ትለኛለች። ነገሩ ከዚያ ነው የጀመረው።

መነሻውን አላበዛባችሁም። በክብ ምድር ላይ የሁለት ቦታዎችን ርቀት የሚያሰላውን ቀመርም፣ ዲግሪን ወደ ራዲያን (ኤክሴል ወደሚጠቀምበት የማዕዘን መለኪያ) መቀየሩንም በሁለት ማታ ያዝኩት።

ፍዳዬን ያየሁት ሌላ ላይ ነው። መልሱ ሁሌ 5,085 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የአየርላንዷ ደብሊን እንኳ ከአዲስ አበባ ወደ 6,370 ነው። ዋሽንግተን እንዴት ከደብሊን ትቀርባለች? ቀመሩን ደጋግሜ ጻፍኩት፤ ያው ነው። በመጨረሻ የልጄን ሉል አውርጄ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የስፌት ክር ወጠርኩ። ክሩ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ገባ። ከአልጄሪያ ወጥቶ ስፔን ሳይደርስ፣ ባሕሩ ላይ፣ ዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስን (ምሥራቅና ምዕራብ የሚቆጠርበትን መነሻ መስመር) ተሻገረ። ያኔ ገባኝ። አዲስ አበባ ከዜሮ በስተምሥራቅ 38.8 ዲግሪ ላይ ናት፤ ዋሽንግተን በስተምዕራብ 77.5። እኔ አንዱን ከሌላው ስቀንስ ከርሜያለሁ፤ ለካ መደመር ነበረበት። ልዩነቱ 116.3 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ከሉልና ከክር ይጀምር ባይ ነኝ። የሁለት ከተማ ስም አስገብቶ ከድረ ገጽ ቁጥር መቀበል ምንም አያስተምርም። ጠፍጣፋ ካርታማ ጭራሽ ያሳስታል።

ለዓመታት ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለነዳጅ ደብሊን ያርፍ ነበር፤ ሲመለስ ግን ቀጥታ ይመጣል። ደብሊን ትልቅ ዙር ይመስለኝ ነበር። በዚያ በኩል ሳሰላው 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ትርፉ 270 ብቻ! ሲሄድ ለነዳጅ የሚያርፍበት ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም አቅም ይቀንሳል፤ ነዳጅ ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። ዳለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ርቀቱን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ሳካፍለው 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይመጣል። ለመመለሻው ይቀርባል፤ ለመሄጃው ግን አትመኑት። የነፋሱን ስሌት ገና አልደፈርኩትም።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ የየከተማው ነው። ከዋሽንግተን ረፋድ 5 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ጧት 1 ሰዓት ቦሌ ቢገባ 20 ሰዓት ይመስላል። በእነሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ቀንሱ። እኔ አንዴ በመቀነስ ፈንታ ደምሬ፣ እህቴ ቦሌ ደርሳ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እስክመጣ ጠብቃኛለች። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።